አንዱ ምጣድ፣ ሦስት ዓይነት ኦም፦ ማታ የማይሰማው ለምንድን ነው?

ጥያቄው፦

«የምኖረው ቡራዩ ነው። ቆጣሪው ከግቢው በር አጠገብ ነው፤ ማድ ቤቱ ከጓሮ ስለሆነ ሽቦው ወደ 45 ሜትር ይሄዳል። ባለ 2.5 (ሚሊ ሜትር ካሬ) ነው ተብዬ ነው የገዛሁት። ምጣዱ ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ይላል። ጠዋት ደህና ይጋግራል፤ ማታ ግን ቶሎ አይሰማም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ቴስተርና ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ተውሼ ለካሁ። ማታ ሶኬቱ ባዶውን 206 ቮልት አለ። ምጣዱ ሲሰካ 12.8 አምፒር ይስባል። 206ን ለ12.8 ሳካፍል 16.1 ኦም መጣ። ምጣዱን ነቅዬ በቴስተር ስለካው 13.6 ኦም ሆነ። ላዩ ላይ ከተጻፈው ሳሰላው ደግሞ 13.8 ነው። የቱን ልመን? ምጣዱ እየሠራ ሶኬቱ ላይ 176፣ ቆጣሪው ሥር ካለው ብሬከር ላይ 198 ቮልት አንብቤያለሁ። ቴስተሩንም ተጠራጥሬዋለሁ፤ የ100 ዋት አምፖል ብለካበት 38 ኦም አለኝ፣ በስሌት ይህ 1270 ዋት ይሆናል። አንዱ ስታብላይዘር (ቮልቴጁን ወደ 220 የሚያስተካክል ዕቃ) ግዛ፣ ሌላው የምጣዱን ሽቦ አሳጥረው ይለኛል። ደግሞ ምጣድና ምድጃ አብሬ ስጠቀም ባለ 16 አምፒር ብሬከሩ የሚወርደው ጠዋት፣ መብራቱ ደህና ሲሆን ነው፤ ማታ አይወርድም። ይህስ እንዴት ይሆናል?»

ምላሽ፦

ምጣድዎ ጤነኛ ነው፤ ቴስተሩም ጤነኛ ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች የተሳሳተው 16.1 ብቻ ነው። ነገር ግን ሳያስቡት ያገኙት ይህ ስህተት ጥፋቱ የት እንዳለ የሚነግረን እሱ ስለሆነ አይጣሉት።

ሬዚስታንስን (ዕቃው ከረንቱን የሚገታበትን መጠን፣ ኦሙን) ለማግኘት ቮልቴጅን ለከረንት (ለአምፒሩ) ማካፈል፣ ኃይልን (ዋቱን) ለማግኘት ቮልቴጅን በከረንት ማባዛት፤ ይህን ያውቁታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከስሌቱ በፊት፣ ልኬቱ ላይ ነው። ቮልቴጁና ከረንቱ የአንድ ዕቃ፣ በአንድ ሰዓት የተለኩ መሆን አለባቸው። እርስዎ 206 ቮልትን ያነበቡት ምጣዱ ሳይሰካ ነው፤ 12.8 አምፒርን ግን ምጣዱ እየሠራ። ምጣዱ ሲሠራ ጫፍና ጫፉ ላይ የነበረው 206 ሳይሆን 176 ቮልት ነው። እንደገና እናስላው፦ 176 ÷ 12.8 = 13.75 ኦም። ምጣዱ ላይ ከተጻፈው የሚወጣው ደግሞ 220 × 220 ÷ 3500 = 13.83 ኦም ነው። ሁለቱ ተገናኙ ማለት ነው፤ በተዋሱት መሣሪያ ከዚህ የበለጠ መቀራረብ አይጠበቅም።

በቴስተር ያገኙት 13.6ም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ነክተው ያንብቡ፤ ዜሮ ሳይሆን ከ0.2 እስከ 0.5 ኦም ያህል ያሳያል። ይህ የራሱ የቴስተሩ ገመድ ስለሆነ ከንባቡ ይቀነሳል። 0.4 ቢሆን ምጣድዎ በቀዝቃዛው 13.2 ኦም ነው ማለት ነው። የምጣድ ሽቦ ከኒክሮም ወይም ከብረት፣ ክሮምና አሉሚኒየም ቅይጥ የሚሠራ ስለሆነ ሲግል ሬዚስታንሱ የሚጨምረው በመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ከ13.2 ወደ 13.75 አራት በመቶ ነው፤ ልክ ነው።

አምፖሉ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የአምፖል ክር ተንግስተን ነው፤ ሲበራ ሙቀቱ ከ2000 ዲግሪ በእጅጉ ይበልጣል፣ ሬዚስታንሱም ከቀዝቃዛው ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። የ100 ዋት አምፖል ሲበራ 220 × 220 ÷ 100 = 484 ኦም ነው፤ ጠፍቶ ሲለካ 38 ማለቱ ትክክል ነው። 1270 ዋት ያሉትም ከንቱ ቁጥር አይደለም፤ ማብሪያው በተጫነባት ቅጽበት፣ ክሩ ሳይግል በፊት፣ አምፖሉ በእርግጥ ወደ 5.8 አምፒር ይስባል። ያረጀ አምፖል ብዙ ጊዜ ቷ ብሎ የሚሄደው በርቶ ሳለ ሳይሆን ሲያበሩት መሆኑን አስተውለው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ በቴስተር የተለካ ኦምን ወደ ዋት መቀየር የሚያዋጣው ለምጣድ፣ ለምድጃና ለውሃ ማፍያ እንጂ ለባለ ክር አምፖል አይደለም።

አሁን ወደ ኃይሉ እንምጣ። ማታ ምጣዱ የሚያገኘው 176 × 12.8 = 2253 ዋት ነው። 3500 ዋት ብለው የገዙት ምጣድ 64 በመቶውን ብቻ ነው የሚሠራው። ቮልቴጁ የወረደው ሃያ በመቶ ሆኖ ሳለ ኃይሉ ሠላሳ ስድስት በመቶ የወደቀው፣ ቮልቴጅ ሲቀንስ ከረንቱም አብሮ ስለሚቀንስ ነው፤ 0.8 በ0.8 ሲባዛ 0.64 ነው። በዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ምጣድ እየጋለ እያለ ራሱ በፊቱና በጎኑ ሙቀት ያፈሳል። ይህ የሚያፈሰው ሙቀት ኃይሉ ስለቀነሰ አይቀንስም፤ የሚቀነሰው ሸክላውን ለማጋል ከሚተርፈው ነው። ስለዚህ በ3500 ዋት አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ምጣድ በ2253 ዋት ሃያ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል ብለው ቢያሰሉ ይሳሳታሉ፤ ከዚያ ይበልጣል። ሊጡ ከፈሰሰ በኋላም የምጣዱ ፊት ቶሎ ስለማያገግም ዓይኑ ሳይወጣ ይጋገራል። እንጀራውን ያበላሸው ሊጡ አይደለም።

ወደ 16.1 እንመለስ። ከእሱ ላይ የምጣዱን 13.75 ሲቀንሱ 2.35 ኦም ይቀራል። ይህ ኦም ምጣዱ ውስጥ የለም፤ ከትራንስፎርመሩ ጀምሮ እስከ ሶኬትዎ ባለው መንገድ ላይ የተበተነ ነው። ያነበቧቸው ሁለት ቮልቴጆች ለሁለት ይከፍሉልናል። ብሬከሩ ላይ ቮልቴጁ ከ206 ወደ 198 ወረደ፤ 8 ቮልት ለ12.8 አምፒር ሲካፈል 0.63 ኦም ይመጣል። ይህ ከግቢዎ ውጭ ያለው ነው፣ ምሰሶውና ትራንስፎርመሩ። ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ ደግሞ 198 − 176 = 22 ቮልት ጠፍቷል፤ 22 ÷ 12.8 = 1.72 ኦም። ይህኛው በሙሉ የእርስዎ ነው።

የእርስዎ ሽቦ ስንት መሆን ነበረበት? መዳብ አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ሲኖረው 0.0175 ኦም ያህል ነው። ከረንት ሄዶ ስለሚመለስ 45 ሜትር ሲሉ 90 ሜትር ሽቦ ማለትዎ ነው፤ ይህን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። 0.0175 × 90 ÷ 2.5 = 0.63 ኦም። ሽቦው ሲሞቅ ትንሽ ቢጨምር 0.7 ይሁን። እርስዎ ያገኙት 1.72 ነው። ከአንድ ኦም በላይ ትርፍ አለ።

ትርፉ ከሦስት ነገሮች ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ቢሆኑም አይገርመኝ። አንደኛ፣ ሽቦው 2.5 ላይሆን ይችላል። ባለ 1.5 ሽቦ ለዚሁ ርቀት 1.05 ኦም ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ከማመን መዳቡን ራሱን ይለኩ፤ አንድ ወጥ ዘንግ ከሆነ ባለ 1.5 ውፍረቱ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ 2.5 ደግሞ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ካሊፐር ከሌለዎት አሥር ዙር በእርሳስ ላይ አጠጋግተው ጠቅልለው በማስመሪያ ይለኩ፤ 14 ሚሊ ሜትር ከመጣ 1.5 ነው፣ 18 ከመጣ 2.5። ሁለተኛ፣ መዳቡ መዳብ ላይሆን ይችላል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሽቦ ከላይ ሲያዩት ያው ቀይ ነው፤ በምላጭ ሲፍቁት ግን ውስጡ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ሲያነሱትም ቀላል ነው። እንዲህ ያለው ባለ 2.5 ወደ አንድ ኦም ይጠጋል። ሦስተኛው መጋጠሚያ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው።

የምፈራበትን ምክንያት በቁጥር ላሳይዎት። ሽቦው 1.5 ነው እንበል፤ 1.05 ኦም የእሱ ነው። ቀሪው 0.67 ኦም አንድ መጋጠሚያ ላይ ተቀምጧል። እዚያች ቦታ ላይ የሚወጣው ሙቀት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በኦሙ ሲባዛ ነው፦ 12.8 × 12.8 × 0.67 = 110 ዋት። ከ100 ዋት አምፖል በላይ ሙቀት፣ ናስትሮ ተጠቅልሎባት ጣሪያ ሥር በተደበቀች፣ አውራ ጣት በማታክል ነጥብ ላይ። ያቺን መጋጠሚያ ሲፈቱ የሚያዩት የታወቀ ነው፦ ናስትሮው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ሙጫው ወደ ጥቁር ዝልግልግ ተለውጧል፣ የሽቦው ሽፋን ከጫፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ድረስ ቡናማ ሆኖ ሲያጥፉት ይፈረካከሳል፣ መዳቡ ቀይነቱ ጠፍቶ ጥቁር ነው። ሁለት ሽቦ በፒንሳ ሁለት ዙር ተጠምዝዞ ብቻ ከታሰረ፣ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ይላላል። ሲላላ የሚነካካው ገጽ ያንሳል፣ የበለጠ ይግላል፣ የበለጠ ይጠቁራል፤ ራሱን እየመገበ የሚሄድ ጥፋት ነው። መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ ከተጠማዘዙ ደግሞ የክረምቱ እርጥበት ሲጨመርበት ይበላላሉ።

ሙቀት ከከረንቱ ጋር እኩል ሳይሆን በከረንቱ ካሬ እንደሚያድግ በ1840 እ.ኤ.አ. ገደማ የለካው የእንግሊዙ የቢራ ጠማቂ ልጅ ጁል ነው። ስታብላይዘር ግዛ ያለዎት ሰው የዘነጋው ይህን ነው።

ስታብላይዘር ኃይል አይፈጥርም። ለምጣዱ 220 ቮልት ልስጥ ካለ 3500 ዋቱን ከደከመው መስመር ላይ መሳብ አለበት፤ ቮልቴጁ ሲወርድበት ከረንት ይጨምራል፣ ከረንት ሲጨምር ሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልት ይበልጥ ይጨምራል። በእርስዎ መስመር አስልቼዋለሁ፦ 206 ቮልት ባዶ፣ 2.35 ኦም መንገድ፣ 3500 ዋት ጭነት ሲሆን ከረንቱ 23 አምፒር ገደማ ላይ ይቆማል፤ ወደ ስታብላይዘሩ የሚገባው ቮልቴጅም ወደ 152 ይወርዳል። ይህ የስታብላይዘሩ የራሱ ብክነት ሳይቆጠር ነው። በግቢዎ ሽቦ ላይ ብቻ 23 × 23 × 1.72 = 910 ዋት ይቃጠላል። ያቺ መጋጠሚያ ከ110 ዋት ወደ 354 ዋት ትዘላለች። እንጀራው ያምራል፤ ጣሪያው ግን ይነድዳል። መጋጠሚያው ሳይስተካከል ስታብላይዘር ማስገባት ሕመሙን ትቶ ትኩሳት መለኪያውን እንደማባበል ነው።

ሽቦውን አሳጥረው ያለዎት ደግሞ ከመጀመሪያውም ምጣዱ ጥፋተኛ ነው ብሎ የተነሣ ነው። አንድ አምስተኛውን ቢቆርጡ ሬዚስታንሱ 11 ኦም ይሆናል። ማታ ወደ 2620 ዋት ያገኛሉ፤ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ከረንቱ 15.4 ደርሶ መጋጠሚያዋን ወደ 160 ዋት ያደርሳታል። ነገ መስመሩ ተስተካክሎ 220 ቮልት ሲመጣ ደግሞ ያው ምጣድ 20 አምፒር፣ 4400 ዋት ይስባል። የተለመደው ስፒና የሚችለው 16 አምፒር ነው። ያጠረው ሽቦ ራሱ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትሩ ከቀድሞው 56 በመቶ የበለጠ ሙቀት ትሸከማለች፤ ሸክላው ጎድጓዳ ውስጥ ጄሶ ተጭኖባት ስለሆነ መተንፈሻ የላትም፣ አንዷ ጠባብ ቦታ ላይ ቀልጣ ትበጠሳለች። የተበጠሰን ሽቦ ስበው የሚቀጥሉ ሰዎችም ሳያውቁት የሚያደርጉት ይህንኑ ማሳጠር ነው።

እንግዲህ መጋጠሚያውን እንፈልግ። በቴስተር ኦም ላይ አድርጎ መፈለግ አያዋጣም፤ 0.67 ኦም ከቴስተሩ ገመድ ስህተት ብዙም አይርቅም፣ ያረጀ መጋጠሚያም ለቴስተሩ ኢምንት ከረንት ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጥፋቱ የሚታየው በጭነት ነው። ይህን ሥራ በቀጥታ መስመር ላይ መሥራት የለመደ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢያደርገው ይሻላል፤ እርስዎ አጠገቡ ሆነው ቁጥሮቹን ይጻፉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዶ፣ መስመሩ መሞቱን በቴስተር አረጋግጦ፣ በመንገዱ ላይ ያሉትን ስካቶላዎችና በናስትሮ የተጠቀለሉ ቦታዎች ሁሉ ይከፍታል። ከዚያ ብሬከሩን መልሶ ምጣዱን ይሰካና ከቆጣሪው ጀምሮ በየቦታው በፌዝና በኒውትራል (በሄጅውና በተመላሹ ሽቦ) መካከል ያለውን ቮልቴጅ ያነባል። ጤነኛ ሽቦ ቮልቴጁን ቀስ እያለ፣ በሜትር ልክ ይጥለዋል፤ የታመመ መጋጠሚያ ግን በአንድ ዝላይ ይጥለዋል። የእርስዎ መስመር ከላይ እንደገመትኩት ከሆነና መጋጠሚያዋ 20 ሜትር ላይ ካለች፣ ብሬከሩ ላይ 198፣ ከመጋጠሚያዋ በፊት 192፣ ከመጋጠሚያዋ በኋላ 183 ተኩል ገደማ፣ ሶኬቱ ላይ 176 ይነበባል። ዝላዩን ካዩ የቴስተሩን ሁለት ጫፍ በዚያችው መጋጠሚያ ግራና ቀኝ፣ በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ ያስነኩ፤ ወደ 8.6 ቮልት ያነባል። ጤነኛ መጋጠሚያ እዚያ ላይ ከጥቂት አሥር ሚሊቮልት አያልፍም። ኒውትራሉን አይርሱት፤ ሰው ሁሉ ፌዙን ፈትሾ ይሄዳል፣ ከረንቱ ግን በሁለቱም እኩል ነው የሚያልፈው።

ምንም ዝላይ ሳያዩ ቮልቴጁ ወጥ ሆኖ ከወረደ ግን ጥፋቱ ሽቦው ራሱ ነው።

ስለ መሣሪያዎቹ ሁለት ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ቴስተር ብቻ ሳይሆን ሰውም ይቃጠላል። የተለመደው ትንሽ ቴስተር ከረንት የሚለካበት ቀዳዳ 10 አምፒር ብቻ ነው የሚችለው፤ ምጣድ በእሱ ውስጥ አሳልፎ መለካት የለም፣ ለዚህ ነው ክላምፕ የሚያስፈልገው። የቴስተሩን ገመድ እዚያው 10 አምፒር ቀዳዳ ላይ ረስተው ሶኬት ቢነኩ ደግሞ ፌዝና ኒውትራልን በቀጥታ ማገናኘትዎ ነው። ክላምፑ የሚያቅፈው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፤ ሙሉውን ገመድ ካቀፈ ሄጅውና ተመላሹ ከረንት ስለሚሻሻሩ ዜሮ ያነባል። እርስዎ 12.8 ማግኘትዎ ሽቦውን ለይተው መለካትዎን ያሳያል።

ልኬትዎን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ከፈለጉ ቆጣሪው ራሱ ትክክለኛ የዋት መለኪያ ነው። ካርድ ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ፊቱ ላይ ተጽፏል። 1600 ካለ እያንዳንዷ ብልጭታ 2250 ጁል ናት (አንድ ጁል ማለት አንድ ዋት ለአንድ ሰከንድ ነው)። ሌላውን ሁሉ አጥፍተው ምጣዱን ብቻ ይተዉና የአሥር ብልጭታ ጊዜ በስልክዎ ይያዙ። 22500ን ለሰከንዱ ሲያካፍሉ ዋቱ ይመጣል። እንደ ልኬትዎ ከሆነ አሥሩ 8.9 ሰከንድ ገደማ መፍጀት አለበት፣ ማለትም 2534 ዋት፤ ይህ 198 × 12.8 ነው። ምጣዱ የሚያገኘው 2253 ነው ብለናል። የመሃሉን 281 ዋት ቆጣሪው ቆጥሮታል፣ ካርዱ ላይ ተቀንሷል፣ እንጀራ ግን አልጋገረም። ከከፈሉት ኃይል አሥራ አንድ በመቶው ሽቦና ጣሪያ እያሞቀ ነው።

ይህ ሁሉ ማባዛትና ማካፈል እንዲህ ጥርት ብሎ የሚሠራው ለምጣድ ዓይነት ዕቃ ነው። ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ላይ ቮልት በአምፒር ቢባዛ የሚገኘው ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል፤ የሞተር ጥቅልል በቴስተር ተለክቶ ከሚገኘው ኦም ዋት ማስላት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ለእነሱ የቆጣሪዋን ብልጭታ ይቁጠሩ።

የብሬከሩ ነገር እንቆቅልሽ የሚመስለው ደካማ መብራት ብዙ ከረንት ያስስባል ከሚል እምነት ነው። ለሞተርና ለስታብላይዘር እውነት ነው። ለምጣድና ለምድጃ ግን ተቃራኒው ነው፤ ኦማቸው አይለወጥም፣ ስለዚህ ቮልቴጅ ሲጨምር ከረንትም ይጨምራል። ምድጃዎ 2000 ዋት ነው፣ ጠዋት ባዶው ሶኬት 224 ቮልት ያነባል ብዬ ባሰላው፣ ሁለቱ አብረው ማታ 18.5 አምፒር፣ ጠዋት 20.2 አምፒር ይስባሉ። ባለ 16 ብሬከር 16 ሲያልፍ ወዲያው አይወርድም። የቤት ብሬከር የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ 1.13 እጥፉን፣ ማለትም 18 አምፒርን አንድ ሰዓት እንዲችል፣ 1.45 እጥፉ፣ 23 አምፒር ገደማ ሲሆን ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ ያዛል። የእርስዎ ማታ ከታችኛው ወሰን ጥቂት አለፍ ያለ ነው፤ ጠዋቱ ግን መሃል ገብቷል። የብሬከሩ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ብሬከር መጥፎ መጋጠሚያን አያይም። መጋጠሚያው ከረንቱን ስለሚቀንስ እንዲያውም ብሬከሩን ያረጋጋዋል። «ብሬከሩ እስካልወረደ ምንም የለም» ማለት አይሠራም። በ25 እንዳይቀይሩትም፤ ውስጥ ያለው ሽቦ 1.5 ከሆነ ቀድሞ የሚነድደው እሱ ነው።

መፍትሔው ሽቦውን መቀየር ነው። ከቆጣሪው ሥር እስከ ማድ ቤት መሃል ላይ ሳይቀጠል የሚሄድ ባለ 4 መዳብ፣ ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚሄደው መከላከያ ሽቦ) ጋር ሦስት መስመር፣ በቱቦ ውስጥ፣ ለምጣዱ ብቻ፣ ባለ 20 ብሬከር። ባለ 4 ሽቦ ለዚህ ርቀት 0.39 ኦም ነው። ያው ማታ፣ ያው ደካማ 206 ቮልት ሆኖ ሶኬቱ ላይ 192 ቮልት፣ 14 አምፒር ገደማ፣ 2675 ዋት ያገኛሉ፤ ከዛሬው ከ400 ዋት በላይ ጭማሪ ነው። ባለ 6 ቢያደርጉት ጭማሪው ሌላ ሃምሳ ዋት እንኳ አይሞላም፤ ለምጣድ ብቻ ብለው ገንዘብዎን አያውጡበት። ምድጃውንም በዚያው መስመር አብረው መጠቀም ካሰቡ ግን ባለ 6 ሽቦና ባለ 32 ብሬከር ይሁን፤ ያን ጊዜ ምድጃው ከምጣዱ ሶኬት ተጋርቶ ሳይሆን የየራሳቸው ሶኬትና የየራሳቸው ብሬከር ማድ ቤት ውስጥ ይኑራቸው።

ከግቢዎ ውጭ ያለውን 0.63 ኦም እርስዎ አይነኩትም። የታሸገው ቆጣሪና ከእሱ በላይ ያለው የመብራት ኃይል ነው፤ የ206 ቮልቱን ልኬት ከሰዓቱ ጋር ጽፈው ማመልከት ግን ይችላሉ፣ «መብራት ይደክማል» ከማለት ይሻላል። ሽቦዎ ከተቀየረም በኋላ የበዓል ዋዜማ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ፣ 3500 ዋት አያገኙም፤ ሊጡ ከደረሰ ጠዋት በማለዳ መጋገር ይሻላል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። ምጣዱ ተነቅሎ ሳለ ቴስተሩን በትልቁ የኦም መለኪያው ላይ አድርገው ከስፒናው አንዱ እግር ወደ ቆርቆሮው አካል ይለኩ፤ ቀለሙን ፋቅ አድርገው ባዶ ብረት ያስነኩ። ቁጥር ካሳየ ሽቦው ቆርቆሮውን ነክቷል ወይም ሸክላውና ጄሶው እርጥበት ጠጥተዋል፤ እስኪስተካከል አይሰኩት። ምንም ባያሳይም ኧርዙ ይቅር ማለት አይደለም፤ ቴስተሩ የሚፈትሸው በትንሽ ባትሪ ነው፣ ሶኬቱ ግን 220 ነው።

ሽቦው ተቀይሮ ምጣዱን ሰክተው ሩብ ሰዓት ካሠሩት በኋላ ብሬከሩንና ሶኬቱን እንደገና ያንብቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አምስት ተኩል ቮልት ገደማ መሆን አለበት። አሥር ካለ አዲሱ ሽቦ ላይ ሳይሆን ጫፎቹ ላይ ይፈልጉ፤ ብሬከሩን አውርደው ሥሩ ያለውን ቡሎን በካቻቪቴ ያጥብቁ፣ ስፒናውንም ነቅለው እግሮቹን ይዩ። አንዱ እግር ከሌላው የጠቆረ ከሆነ የሶኬቱ መቆንጠጫ ላልቷል፤ ስፒናውንም ሶኬቱንም አብረው ይቀይሩ፣ አዲስ ስፒና በላላ ሶኬት ውስጥ በሳምንት ውስጥ ይጠቁራል።